ጥሩ ጆሮ ብቻውን አይበቃም፦ ስለ ናሬቲቭ ቴራፒ ሥልጠና ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በሥነ ልቦና አማካሪዎች ዘንድ ሲዘዋወር የነበረ አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። ጸሐፊው በሙያው የቆዩ ሰው እንደሆኑ ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። ክርክራቸው ባጭሩ ይህን ይመስላል፦ ናሬቲቭ ቴራፒ ማለት ሰው የሕይወት ታሪኩን እንዲተርክ ማድረግ ስለሆነ፣ ጥሩ ጆሮ ያለው አማካሪ ሁሉ ያለ ሥልጠና ይችለዋል። ችግርን ከሰው ነጥሎ ማየት የሚባለው ዋነኛ ስልቱ ጥፋተኛን ከኃላፊነት ያሸሻል። «አላውቅም» ብሎ የሚጀምር ባለሙያ የሚሠለጥንበት ዕውቀት ሊኖረው አይችልም። ዘዴው በጥናት አልተፈተነም፤ ጉዳት የደረሰባቸውንም ሰዎች ቁስላቸውን እንደገና እንዲኖሩት ያስገድዳል። ለግለሰብ እንጂ ለቤተሰብም አይሆንም። መደምደሚያቸው አማካሪዎችና የቤተሰብ ቴራፒስቶች ለረጅም ሥልጠና ጊዜና ገንዘብ ከሚያወጡ ይልቅ አንድ መጽሐፍ አንብበው የሁለት ቀን ወርክሾፕ ቢካፈሉ ይበቃቸዋል የሚል ነው።

ጽሑፉን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። በዚህ ምክንያት የጀመሩትን ሥልጠና ለማቋረጥ ያሰቡ ጀማሪ አማካሪዎች አሉ። ከእነሱም በላይ የሚያሳስቡኝ በግማሽ የተማረ አማካሪ ፊት የሚቀመጡት ቤተሰቦች ናቸው። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ እመልሳለሁ። ከጸሐፊው ጋር የምስማማበትም አለ፤ በየቦታው እናገራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ታሪክ ማስነገር ብቻ ነው»

ሰው ወደ አማካሪ የሚመጣው ታሪኩን ይዞ ነው። ብዙ ጊዜ እንዲናገር መገፋፋት እንኳ አያስፈልገውም። ችግሩ ያለው ይዞት በመጣው ታሪክ ላይ ነው። «ከልጅነቴ ጀምሮ ደካማ ነኝ፤ የነካሁት ሁሉ ይበላሻል» የምትል ሴት ይህንኑ ለዓመታት ለራሷ ስትነግር ኖራለች። አማካሪዋ ራሱን እየነቀነቀ፣ በርኅራኄ እያያት ለአንድ ሰዓት ቢያዳምጣት፣ ያንኑ ታሪክ እንደገና ተርካ ትሄዳለች፤ ዛሬ የሚለየው ባለሙያ ሰምቶ ስላልተቃወመው ይበልጥ እውነት መስሎ መታየቱ ነው። በጎ አሳቢ አማካሪዎች ሳያውቁት ከሚያደርሷቸው ጉዳቶች አንዱ ይህ ነው፤ የሚደርሰውም በጥሩ ጆሮ ነው።

አውስትራሊያዊው የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያና የቤተሰብ ቴራፒስት ማይክል ዋይት፣ በኒውዚላንድ ከሚሠራው ባልደረባው ዴቪድ ኤፕስተን ጋር አሠራሩን በ1980ዎቹ ሲቀርጽ መነሻቸው ይኸው ነበር። የሰው ሕይወት ከአንድ ታሪክ በላይ ይይዛል፤ ገዢ የሆነው ታሪክ ግን ከእሱ ጋር የማይስማማውን ሁሉ ያስረሳል። ዋይት ከሥነ ልቦና ሊቁ ከጄሮም ብሩነር አንድ ቁልፍ ሐሳብ ወሰደ። ማንኛውም ታሪክ ሁለት ገጽ አለው፤ አንደኛው ምን ተደረገ፣ መቼ፣ በምን ቅደም ተከተል የሚለው ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ያ ድርጊት ስለ ሰውየው ፍላጎት፣ እምነትና ማንነት ምን ይናገራል የሚለው ነው። ከሶሲዮሎጂ ምሁሩ ከኧርቪንግ ጎፍማን ደግሞ ከገዢው ታሪክ ያፈነገጡ ክስተቶችን ለይቶ የመመልከትን ሐሳብ ወሰደ። የባለሙያው ሥራ እነዚያን ያፈነገጡ ክስተቶች መስማት፣ ከዚያም በጥያቄ በሁለቱ ገጾች መካከል እየተመላለሱ በገዢው ታሪክ ሥር ቀጭኖ የቀረው ሌላ ታሪክ እንዲወፍር ማገዝ ነው።

ልዩነቱ በሥራ ላይ ምን እንደሚመስል ልናገር። ያችው ሴት በንግግሯ መሐል «ማክሰኞ ግን ተነስቼ ልጄን ትምህርት ቤት አደረስኩ» ትላለች እንበል። ጥሩ ጆሮ ያለው አማካሪ ደስ ብሎት «በጣም ጎበዝ ነዎት!» ይላታል። እሷም «ምን ጉብዝና አለው፣ አንድ ቀን ነው» ትላለች፤ በሩ ተዘጋ። የሠለጠነው ግን አያሞግሳትም። «ማክሰኞ ጠዋት እግርዎን ከአልጋ ሲያወርዱ በልብዎ ምን ነበር?» ይላል። «ልጄ በእኔ ምክንያት ከትምህርቱ እንዳይቀር» ትላለች። «ያን ጠዋት ቢያይዎት ምንም የማይገርመው ሰው ማን ነው?» ሲላት ዝም ትልና «እናቴ» ትላለች። እናቷ ታማ በነበረችበት ጊዜ እንኳ ለልጆቿ ትነሳ እንደነበር፣ ያንን ከማን እንደተማረች፣ እሷም ለልጇ ምን ማስተላለፍ እንደምትፈልግ ይወራል። አንድ ተራ ማክሰኞ በሦስት ትውልድ ታሪክ ውስጥ ቦታ አገኘ። ሁለተኛው አማካሪ ከመጀመሪያው የሚበልጠው በደግነት አይደለም። የሚበልጠው ምስጋና ውይይቱን እንደሚዘጋው በማወቁ፣ ቀጥሎ ምን እንደሚጠየቅ በመማሩና ምላሱን መግታት በመለማመዱ ነው።

«ጥፋተኛን ከኃላፊነት ያሸሻል»

ይህ የጽሑፉ ጠንካራ ነጥብ ነው፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ እመልሳለሁ። ጸሐፊው የሚያነሱት ሚስቱን የሚመታ ባል ነው። «ንዴቱ ነው ያስመታው ከተባለ ማን ይጠየቃል?» ይላሉ። ጥያቄው ትክክል ነው። እንዲህ የሚሠራ አማካሪም አለ። ነገር ግን እንዲህ የሚሠራው አማካሪ የሁለት ቀን ወርክሾፕ የተካፈለው ነው፤ ጸሐፊው ይበቃል ያሉት ሥልጠና የፈራነውን አደጋ የሚያመጣው ራሱ ነው።

ዋይት ችግርን ከሰው ነጥሎ ማየትን በ1984 ሲያስተዋውቅ የጻፈው ሰገራቸውን መቆጣጠር ስላቃታቸው ልጆች ነበር። እነዚያ ቤተሰቦች በእፍረትና እርስ በርስ በመወቃቀስ ደክመዋል። ልጁ «ቆሻሻ»፣ «ሰነፍ» ተብሏል፤ እናት «አበላሸሽው» ተብላለች። ዋይት ለችግሩ እንደ አንድ ተንኮለኛ ፍጡር ስም ሰጥቶ፣ በልጁ ላይ ምን እንደሚያደርግ፣ በእናቱና በአባቱ መካከል እንዴት እንደሚገባ፣ ልጁስ መቼ መቼ እንዳመለጠው ይጠይቅ ጀመር። ልጁ ራሱ ችግሩ ተደርጎ በታየ ጊዜ ሊያደርገው የሚችለው ነገር አልነበረም፤ ማንም ሰው ራሱን ሊታገል አይችልም። ችግሩ ከእሱ ሲለይ ግን ከወላጆቹ ጋር ወግኖ የሚሠራው ሥራ አገኘ። በዚህ ጊዜ የልጁ ኃላፊነት ጨመረ እንጂ አልቀነሰም።

ዋይት በኋላ ይህንን ውይይት በአራት ደረጃ አስቀምጦታል። መጀመሪያ ችግሩ በተገልጋዩ በራሱ አነጋገር ይሰየማል። ቀጥሎ በቤት፣ በሥራ፣ በግንኙነት ላይ ያደረሰው ይዘረዘራል። ሦስተኛ፣ ሰውየው ያንን ጉዳት እንዴት እንደሚመዝነው ይጠየቃል። አራተኛ፣ ለምን እንዲህ እንደመዘነው ይጠየቃል። ወርክሾፕ ቀመስ አማካሪ አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያውን ደረጃ ይዞ ይሄዳል፤ ለችግሩ ስም ያወጣለታል፣ ያበቃል። ኃላፊነት ያለው ግን ሦስተኛውና አራተኛው ላይ ነው። «ይህ በልጆችዎ ላይ ያደረሰውን ሲያዩ ምን ይሰማዎታል? ለምን?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው ከየት ወዴት እንደሚሸሽ አላውቅም። አቋሙን በራሱ አንደበት መናገር አለበት፤ የተናገረውንም አማካሪው ይይዘዋል።

ወደ ሚስቱን የሚመታው ባል ልመለስ። ዋይት ጥቃት ራሱ ከሰው ተነጥሎ እንደ ውጭ ኃይል እንዲታይ አያበረታታም ነበር። ከሰውየው ነጥሎ ለምርመራ ማቅረብ የሚፈልገው ጥቃቱን የሚደግፉትን አስተሳሰቦች ነው፤ «ሚስት ልትታዘዘኝ ይገባል»፣ «ወንድ ካልተፈራ ወንድ አይደለም» የሚሉትን። አስተሳሰቦቹ ከየት መጡ? ማን አስተማራቸው? በእነሱ የተጠቀመው ማን ነው? የተጎዳችው ማን ናት? ከፈላስፋው ከሚሼል ፉኮ የተወሰደው ስለ ሥልጣን የሚናገረው ትምህርት እዚህ ላይ ሥራ ይሠራል። የመታው እጅ ግን የሰውየው ነው፤ ስለዚያ ድርድር የለም። ጥቃት ከፈጸሙ ወንዶች ጋር ለዓመታት የሠራው የአውስትራሊያዋ ከተማ የአዴሌዱ አለን ጄንኪንስ በ1990 ባሳተመው ሥራ የዘረጋው አካሄድ ሙሉ በሙሉ ያተኮረው ሰውየው ኃላፊነቱን እንዲወስድ በመጋበዝ ላይ ነው። ጸሐፊው ይህንን ዘርፍ ጨርሶ አልጠቀሱትም።

በቂ ሥልጠና ውስጥ ሌላም ነገር አለ። ጥቃት እየተፈጸመ ባለበት ቤት ባልና ሚስትን አንድ ላይ አስቀምጦ «ችግራችሁን እንሰይም» አይባልም። ሴቲቱ ለብቻዋ ትጠየቃለች፣ ደኅንነቷ ይቀድማል፤ እቤት ስትመለስ በተናገረችው እንዳትመታ ይታሰባል። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሲኖርም እንዲሁ ነው፤ የአደጋውን መጠን በቀጥታ መጠየቅና እርምጃ መውሰድ የማንኛውም አማካሪ ግዴታ ነው፤ ናሬቲቭ ቴራፒ ከዚህ ግዴታ ማንንም ነፃ አያወጣም። ይህ በመጽሐፍ ገጽ ሲነበብ ቀላል ነው። በክፍሉ ውስጥ ባልየው እየተናደደ፣ ሚስት ዓይኗን ወለሉ ላይ ተክላ ሳለ ግን ምን እንደሚባል የሚታወቀው ልምድ ያለው ሰው ከጎን ሆኖ ሲያሳይ ነው።

«‹አላውቅም› የሚል ባለሙያ ምን ይሠለጥናል?»

እዚህ ላይ ጸሐፊው ሁለት ትምህርቶችን አቀላቅለዋል። «ያለማወቅ አቋም» የሚባለው ሐሳብ የመጣው በቴክሳስ ይሠሩ ከነበሩት ከሃርሊን አንደርሰንና ከሃሮልድ ጉሊሺያን ነው፤ የእነሱ አሠራር ከናሬቲቭ ቴራፒ ጋር የሚቀራረብ ቢሆንም ሌላ ነው። ዋይት የባለሙያውን ቦታ የገለጸው በሌላ መንገድ ነው፤ ባለሙያው ከመሐል ይወጣል፣ ተጽዕኖው ግን አይቀርም። ስለ ሕይወቱ የሚያውቀው ተገልጋዩ ነው፤ ውይይቱን የሚገነቡትን ጥያቄዎች የማዘጋጀት ኃላፊነት ግን የባለሙያው ነው። ይህን ጎን ለጎን ማስኬድ ቀላል አይደለም። የራስን ምክር ዋጥ አድርጎ ጥያቄን ግን በጥንቃቄ መምረጥ ይጠይቃል።

በሱፐርቪዥን ላይ፣ ማለትም ልምድ ያለው ባለሙያ የሠልጣኙን ሥራ ሰምቶ በሚያርምበት ጊዜ፣ የቀረበ አንድ የድምፅ ቅጂ ላንሳ። ቤተሰቡ እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ። ትምህርት ቤት አልሄድም ያለ የ11 ዓመት ልጅ ከእናቱ ጋር መጥቷል። እናት «ፈሪ ሆነብኝ» ትላለች። ሠልጣኟ በመልካም ጀመረች፤ «ፍርሃቱ የሚመጣብህ መቼ ነው?» ብላ ልጁን ጠየቀችው። ልጁም «ጠዋት ጫማዬን ሳስር» አላት። ሠልጣኟ ወዲያው «እና እንዴት ልታሸንፈው አሰብክ?» አለችው። ልጁ ትከሻውን ነቀነቀ። ከዚያ በኋላ በቅጂው ላይ የሚሰማው የእናቱ ድምፅ ብቻ ነው።

አሠልጣኟ ቅጂውን እዚያ ላይ አቆመችው። «ጫማው የት ሄደ?» አለች። ሠልጣኟ መጀመሪያ አልገባትም። ልጁ ሌላ ማንም ሊሰጣት የማይችለውን ነገር ሰጥቷት ነበር፤ ፍርሃቱ የሚመጣበትን ሰዓትና ቦታ፣ ጎንበስ ብሎ ማሰሪያውን እየሳበ ያለበትን ቅጽበት። እሷ ግን ከዚያ ዘልላ ትልቁን ጥያቄ አቀረበችለት፤ ልጁ በቂ መቆሚያ ሳያገኝ። ዋይት ከሩሲያዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ከቪጎትስኪ የወሰደው ትምህርት እዚህ ላይ ነው የሚጠቅመው። ሰው ከሚያውቀውና ከለመደው ተነስቶ ሊያውቅ ወደሚችለው የሚሄደው በትንንሽ እርምጃ ነው፤ ጥያቄዎቹ እርምጃዎቹን ካላጠበቡለት ይወድቃል። የወደቀ ጊዜም «ተባባሪ አይደለም» ተብሎ ይጻፍበታል። ጥፋቱ ግን የጥያቄው ነበር።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ሠልጣኟ ወደ ጫማው ተመለሰች። «ማሰሪያህን ስታስር ፍርሃቱ ምን ይልሃል?» ልጁ ብዙ ቆይቶ «ስመለስ እማዬ አትኖርም ይለኛል» አለ። እናት ከጥቂት ወራት በፊት ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ልጇ ያንን ጊዜ እንዲህ አድርጎ እንደያዘው አታውቅም። «ፈሪ» የሚለው ቃል ከዚያ ሰዓት በኋላ በዚያ ክፍል አልተነሳም። ቀጥሎ ልጁ የተጠየቀው ፍርሃቱ ስለ እናቱ የሚያስብ መሆኑን፣ ሆኖም ለልጁ የሚበጀውን እያደረገ መሆን አለመሆኑን ነው። ልጁ የራሱን መልስ ሰጠ፤ «ስለ እማዬ ማሰቡ ደግ ነው፤ ግን ይዋሻል» አለ። እናቱም እሷ በሆስፒታል ሳለች ልጁ ታናሽ እህቱን እንዴት እንደተንከባከበ አስታውሳ ተናገረች።

ከመጀመሪያው ቅጂ እስከ ሁለተኛው ድረስ ሠልጣኟ ያነበበችው ተጨማሪ መጽሐፍ የለም። ሥራዋን ሰው ሰማላት፤ ቅጂው የቆመበት ቦታ ትምህርት ሆናት። «ምን ይሠለጥናል?» ለሚለው ጥያቄ መልሴ ይህ ነው።

«በጥናት አልተፈተነም፣ ጉዳት ያባብሳል»

ናሬቲቭ ቴራፒን የሚደግፈው የጥናት ብዛት አስተሳሰብንና ባህርይን በመለወጥ ላይ ከሚያተኩረው ከኮግኒቲቭ ቢሔቪየራል ቴራፒ ጋር ሲነጻጸር በጣም ያነሰ ነው። ይህን የሚክድ አሠልጣኝ ታማኝ አይደለም። ግን «ያነሰ» እና «የለም» አንድ አይደሉም። በ2011 በአውስትራሊያ ተመራማሪዎች የታተመ ጥናት ጽኑ ድባቴ ያለባቸውን 47 ጎልማሶች በ8 ክፍለ ጊዜ ተከታትሏል። በሕክምናው ማብቂያ ላይ 53 በመቶዎቹ በድባቴ ምልክቶች ረገድ በክሊኒክ ደረጃ ትርጉም ያለው መሻሻል አሳይተዋል፤ የምልክቶቹ መቀነስ ከ3 ወር በኋላም ጸንቷል። በግንኙነት በኩል የታየው መሻሻል ግን አልጸናም፤ ጥናቱም ጎን ለጎን የሚነጻጸር ቡድን አልነበረውም። በፖርቱጋል ተሠርቶ በ2014 የታተመው ሌላ ጥናት 63 ሰዎችን ይዞ ሁለቱን ሕክምናዎች በቀጥታ አነጻጽሯል። ሁለቱም ምልክትን ቀንሰዋል፤ በአንዱ የድባቴ መለኪያ ኮግኒቲቭ ቢሔቪየራል ቴራፒ በልጧል፤ በሌላው አጠቃላይ መለኪያ ልዩነት አልታየም። እንግዲህ ማስረጃው ይህን ይመስላል። መጠነኛ ነው፣ ተስፋ ይሰጣል፣ ብዙ ይቀረዋል። ጥናት እንዲሠራ ደግሞ አሠራሩን በትክክል የሚሠሩ ሰዎች ያስፈልጋሉ፤ ያለ ሥልጠና የተሠራ ነገር ምን እንደተፈተነ እንኳ አይታወቅም።

ቁስልን እንደገና ያስኖራል የሚለው ክስ ግን በስም መመሳሰል የመጣ ይመስለኛል። ናሬቲቭ ኤክስፖዠር ቴራፒ የሚባል ሌላ ሕክምና አለ። በጀርመን ኮንስታንስ ዩኒቨርሲቲ ዙሪያ የነበሩ ተመራማሪዎች፣ ማጊ ሻውወር፣ ፍራንክ ኖይነርና ቶማስ ኤልበርት፣ በጦርነትና በስደት ለተጎዱ ሰዎች ያዘጋጁት ነው። ሰውየው ገመድ ዘርግቶ በአበባ ደጉን፣ በድንጋይ ክፉውን ዘመን ምልክት ያደርግበታል፤ ከዚያ አስከፊዎቹን ክስተቶች በዝርዝር በቅደም ተከተል ይተርካል። የራሱ ሥርዓትና የራሱ ማስረጃ ያለው ጠቃሚ ሕክምና ነው። ናሬቲቭ ቴራፒ ግን አይደለም። በናሬቲቭ ቴራፒ ማንም የደረሰበትን በዝርዝር እንዲተርክ አይገደድም። የደረሰበት ነገር ያስከተለው ጉዳት ይሰማል፤ ከዚያ ጎን ለጎን ሰውየው ያን ጊዜ ምን አደረገ፣ ምን ሊያድን ሞከረ፣ ማንን አሰበ ይባላል። በጉዳት ውስጥ እጁን አጣጥፎ የተቀመጠ ሰው የለም፤ ትንሽም ብትሆን የሰጠው ምላሽ አለች። ሁለቱን ሕክምናዎች ለይቶ የማያውቅ አማካሪ አንዱን በሌላው ስም ቢጀምር ጉዳቱ የእውነት ነው። የጸሐፊው ስጋት መሠረት የለሽ አይደለም፤ መድኃኒቱ ግን ሥልጠናን ማሳጠር አይደለም።

«ለቤተሰብ አይሆንም»

ይህን በአጭሩ አልፈዋለሁ። አሠራሩ የተወለደው በቤተሰብ ቴራፒስቶች እጅ ነው። ዋይት የቤተሰብ ቴራፒስት ነበር፤ በአዴሌድ በ1983 የተቋቋመው ደልዊች ሴንተርም ከመነሻው የቤተሰብ ሥራ ቤት ነበር። ኖርዌያዊው የአእምሮ ሐኪም ቶም አንደርሰን በ1980ዎቹ አጋማሽ ያስጀመረው፣ በአንድ በኩል ብቻ ከሚያሳይ መስተዋት ጀርባ የሚያዳምጡ ባለሙያዎች ወጥተው በቤተሰቡ ፊት የሚወያዩበት አሠራር ወደ ናሬቲቭ ቴራፒ ገብቷል። ዋይት ይህን ከአንትሮፖሎጂስቷ ከባርባራ ማየርሆፍ ሥራ ጋር አገናኝቶ የውጭ ምስክሮች ሥነ ሥርዓት አድርጎታል። ምስክሮቹ አያሞግሱም፣ አይመክሩም፤ የትኛው ቃል እንደያዛቸው፣ ምን ምስል እንደመጣላቸው፣ ከራሳቸው ሕይወት የትኛውን ገመድ እንደነካ፣ ሰምተው ወዴት እንደተወሰዱ ይናገራሉ። አባት ከልጁ አፍ የሰማውን በዚህ መልክ ሲመሰክር ያየ ሰው «ለግለሰብ ነው» አይልም።

ከቤተሰብም አልፎ ሄዷል። በደቡባዊ አፍሪካ ወላጆቻቸውን በኤችአይቪ ኤድስ ላጡ ልጆች ንካዜሎ ንኩቤ-ምሊሎና ዴቪድ ዴንበሮ ያዘጋጁት «የሕይወት ዛፍ» የተባለው ሥራ አሁን በብዙ አገር ይሠራበታል። ልጆቹ ሥሩን፣ ግንዱን፣ ቅርንጫፉን፣ ቅጠሉን እየሳሉ ከየት እንደመጡ፣ ምን እንደሚችሉ፣ ምን ተስፋ እንዳላቸው፣ እነማን እንዳሏቸው ይናገራሉ። የሚያሳዝነው ግን ይህም የሥዕል ሰዓት ብቻ ተደርጎ ሲሠራ ማየት ነው። ወረቀቱ ይሞላል፣ ይለጠፋል፣ ማንም ስለ አንድ ሥር እንኳ ሁለት ጥያቄ አይጠይቅም።

«የሁለት ቀን ወርክሾፕ ይበቃል»

ይህ ግምት በጥናት ተፈትኗል፤ በናሬቲቭ ቴራፒ ላይ ባይሆንም በአንድ ጎረቤት ሙያ ላይ። ዊልያም ሚለርና ባልደረቦቹ በ2004 ባሳተሙት ጥናት በሱስ ሕክምና የሚሠሩ 140 ባለሙያዎችን ሞቲቬሽናል ኢንተርቪዊንግ የሚባለውን የማማከር ስልት በተለያየ መንገድ አስተማሩ። ወርክሾፕ ብቻ የወሰዱት ወዲያው ተሻሻሉ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ያገኙት ችሎታ አብዛኛው አብሯቸው አልቆየም። የሠሩትን በቅጂ ተሰምቶላቸው አስተያየት የተሰጣቸው ወይም በግል የተሠለጠኑት ግን የያዙትን ይዘው ቆዩ። ናሬቲቭ ቴራፒም የጥያቄ ሙያ ነው፤ በዚህ በኩል የሚለይበት ምክንያት አይታየኝም። ወርክሾፕ ፍላጎት ይቀሰቅሳል፤ በዚህ አልከራከርም። ችሎታ የሚመጣው ግን የሠሩትን ሌላ ሰው ሲሰማው ነው።

ታዲያ የረጅሙ ሥልጠና ጊዜ በምን ይጠፋል? አብዛኛው በጣም ተራ በሆነ ሥራ። የተገልጋዩን አነጋገር እንደተናገረው መጻፍ ይለመዳል፤ «ልቤ ተዘጋ» ያለውን «ድባቴ አለበት» ብሎ አለመጻፍ። የራስን ክፍለ ጊዜ ቃል በቃል ገልብጦ፣ ከእያንዳንዱ ጥያቄ ጎን «ይህን ለምን ጠየቅሁ?» ብሎ መመለስ ይለመዳል፤ አሰልቺ ነው፣ ያስተምራል ግን። ኤፕስተን ያስለመደው ለተገልጋይ ደብዳቤ የመጻፍ ሥራ አለ፤ ደብዳቤው የአማካሪውን ጥበብ ሳይሆን ተገልጋዩ ራሱ የተናገረውን የሚይዝ እንዲሆን ደጋግሞ መታረም ይፈልጋል። ሠልጣኙ ራሱ በተጠያቂ ወንበር ተቀምጦ ሲጠየቅ ደግሞ አንድ የተጣደፈ ጥያቄ ምን እንደሚያደርግ በራሱ ላይ ያየዋል። ሜልበርን ዩኒቨርሲቲ ከደልዊች ሴንተር ጋር በዚህ ዘርፍ የማስተርስ ትምህርት የሚሰጠው በሁለት ቀን የሚያልቅ ነገር ስላልሆነ ነው።

በአንድ ነገር ከጸሐፊው ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ባዶ ሰርተፍኬት የሚሸጥበት ገበያ አለ። ቪዲዮ አሳይቶ፣ አሥር ጥያቄ ያለው ፈተና ፈትኖ «የናሬቲቭ ቴራፒ ባለሙያ» የሚል ወረቀት የሚሰጥ ሁሉ ሥልጠና አይባልም። እንዲህ ያለ ወረቀት የማማከር ፈቃድ አይሆንም፤ ፈቃድን በተመለከተ እያንዳንዱ አገር የራሱ ሕግ አለው፤ መሠረታዊውን የማማከር ወይም የቤተሰብ ቴራፒ ትምህርት ሳይማሩ በናሬቲቭ ቴራፒ ብቻ ሙያውን መጀመር አይገባም። ገንዘብ የሌለው ጀማሪ አማካሪ ብዙ መክፈሉም ያሳስበኛል። እንዲህ ላለው ሰው የማቀርበው ሐሳብ ግን ሥልጠናውን መተው አይደለም። ሦስትና አራት ባልደረቦች ተሰብስበው በተገልጋይ ፈቃድ የቀዱትን እየሰሙ፣ ልምድ ያለው ሰው በወር አንድ ጊዜ እንዲቀላቀላቸው ቢያደርጉ፣ ከብዙ ውድ ወርክሾፖች ይልቅ የበለጠ ይማራሉ።

ለመመዝገብ ያሰባችሁ ደግሞ ከመክፈላችሁ በፊት አሠልጣኙን ጠይቁት። የምሠራውን ማን ይሰማልኛል? ስንት ጊዜ? ቅጂዬ ላይ ስሳሳት ምን ይደረጋል? እናንተስ የራሳችሁን ክፍለ ጊዜ ለሠልጣኞች ታሰማላችሁ? ስለ ጥቃትና ራስን ስለማጥፋት ምን ያህል ሰዓት መድባችኋል? ተገልጋዩ መቀዳቱን የሚፈቅደው እንዴት ነው፣ ቅጂውስ በኋላ የት ይገባል? ለእነዚህ ቀጥተኛ መልስ ከሌላቸው፣ ሥልጠናው ሁለት ቀንም ይሁን ሁለት ዓመት፣ ገንዘባችሁን ያዙ።